ጋሼ እንድሪስ ብቻ የሚፈቱት ጨርቅ

«እንድሪስ ኩሽኔታ አረፈ» ብሎ የደወለልኝ ከድሮ ሹፌሮች አንዱ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ደሴ፣ ሆጤ፣ ቤቴ በር ላይ ቆሜ የመኪናዬን መስታወት እያጠብኩ ነበር። ሞታቸው አላስደነገጠኝም፤ ከታመሙ ቆይተዋል። ያስደነገጠኝ ስሙ ነው። «እንድሪስ ኩሽኔታ» ሲባል ከሰማሁ ዐሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሰው የሚያውቃቸው ጎማ የሚለጥፉ፣ ንፋስ የሚሞሉ ጎሚስታ ሽማግሌ ሆነው ነው። ከዚያ በፊት ግን ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ ባለው መንገድ የአሮጌ መኪና ጎማ ማጉረምረም ሲጀምር ሹፌር ሁሉ የሚጠራው አንድ ስም ነበር፤ የሳቸው።

ያን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለልጆቼ ስለ እውነት ስናገር የኖርኩ አባት ስለሆንኩ፣ ይህን ከመጀመሪያው ብናገረው ይሻላል። እንዲታዘንልኝ ብዬ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ እሳቸው ነው፤ ነገር ግን እሳቸውን አንስቶ እኔን መዝለል አይቻልም።

ጋራዣቸው ኮምቦልቻ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ግማሹ ቆርቆሮ ግማሹ ሸራ የለበሰ ግቢ ነበር። በሩ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ጋሼ እንድሪስ ቀጭንና ረጅም ነበሩ፤ አንገታቸው ወደ ግራ ዘንበል ያለ ነው። ሹፌሮች ሲቀልዱ ጆሯቸውን ከጎማ ጋር ለጥፈው ስለኖሩ ነው ይሉ ነበር፤ ቀልዱ ከእውነቱ የራቀ አይመስለኝም። መኪናውን በክሪክ አንስተው ጎማውን ላይና ታች ይይዙና ይነቀንቁታል። ቀጥሎ በአንድ ጣት ያሽከረክሩታል፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚያች ሰዓት ግቢው ውስጥ የሚያወራ ሰው ካለ አይቆጡም፤ መዳፋቸውን ብቻ ያነሳሉ። እኛም ዝም እንላለን። ጎማው ዞሮ እስኪቆም ድረስ እንደ መስጊድ ጸጥታ ይሆን ነበር።

ኩሽኔታ ለማያውቅ ሰው፦ ጎማው በማይዞረው ብረት ላይ እንዲዞር የሚያደርገው ዕቃ ነው። በሁለት ቀለበቶች መሀል ትናንሽ የብረት ድብልብሎች ተደርድረው ይገላበጣሉ። ጤነኛ እስከሆነ ድረስ መኖሩን ማንም አያስታውስም። ሲያልቅ በመጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ይግላል፣ በመጨረሻ ጎማውን ይዞ ይሄዳል።

ብዙ መካኒክ አዲሱን ኩሽኔታ ይከትና የውጭውን ቀለበት አሮጌውን እንዳለ ይተወዋል። ቀለበቱ ጠበቅ ብሎ ስለሚቀመጥ በነሐስ ዘንግ ዙሪያውን ቀስ እያሉ እየመቱ ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ጋሼ እንድሪስ አንድም ቀን ትተውት አያውቁም። የግራው ካለቀ የቀኙንም ይቀይሩ ነበር። አንድ ጊዜ መኪኖች ያሉት የእህል ነጋዴ ቀለበት የሌለው ኩሽኔታ ይዞ መጣና በአሮጌው ላይ ክተትልኝ አላቸው። አይሆንም አሉት። አዲሱን ከአሮጌው ጋር አልድርም አሉ። ሰውየው በሰው ፊት ስለሆነ ነገሩ ከነከነው።

«እርስዎ መካኒክ ነዎት ወይስ ቃዲ?» አላቸው።

«ቃዲማ ብሆን ከዚህች መኪና ባፋታኋችሁ ነበር» አሉት፤ «በድለሃታል።»

ግቢው በሳቅ ሞላ። ነጋዴው ተቆጥቶ ወጣ፤ በሳምንቱ ከነቀለበቱ ገዝቶ ተመለሰ። እሳቸው እንደ አዲስ ደንበኛ ተቀበሉት።

ሌላም ደንብ ነበራቸው። ከመኪናው የወጣውን ኩሽኔታ የሚያጥበው ባለቤቱ ራሱ ነው። ናፍታ ያለበት ጣሳና ብሩሽ ይሰጡና በርጩማ ላይ ያስቀምጡሃል። እጄ ይቆሽሻል የሚል ሰው አስተናግደው አያውቁም። ታጥቦ ሲያበራ ያኔ ያለቀበትን ቦታ በጣታቸው ያሳዩሃል፤ ድብልብሉ የተላጠበትን፣ ቀለበቱ የተቦረቦረበትን። አዲሱን ደግሞ ግራሶ የሚያስገቡት በእንጨት ሳይሆን በመዳፍ ነው። ግራሶውን በግራ መዳፋቸው ይይዙና ኩሽኔታውን እየጫኑ ያጠቅሱበታል፤ በአንድ ወገን የገባው በሌላው ወገን እስኪወጣ ድረስ። እኔም በሳቸው ትእዛዝ ሦስት ጊዜ አስገብቼ ሦስት ጊዜ መልሰውብኛል። ያለቀውን ዕቃ አይጥሉትም፤ በሽቦ አስረው «ይኸው ዕቃህ» ብለው ለባለቤቱ ይሰጡታል። ጤነኛውን አውጥቶ ወሰደብኝ የሚል ሰው እንዳይኖር ነው።

እኔ ከሳቸው ጋር እከራከር ነበር። የተወለድኩት ወረባቦ ገጠር ነው፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በዱቄት ማዳበሪያ ላይ ካለ ጽሑፍና ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ሹፌር ከሆንኩ በኋላ ስለ መኪና ጥገና የሚያስተምር ወፍራም መጽሐፍ ደሴ ላይ በአሮጌ ገዝቼ፣ ሥዕሉን ከጽሑፉ ጋር እያስተያየሁ ሁለት ዓመት ሙሉ አነበብኩት። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ያላነበበው ነገር ያለ አይመስለውም። ጋራዣቸው ስሄድ መጽሐፉን ይዤ እሄድ ነበር። ገጹን ገልጬ ሳሳያቸው ጎንበስ ብለው ሥዕሉን አተኩረው ያዩታል።

«መጽሐፉ ትክክል ነው» ይሉኛል፤ «የቢስቲማን ድንጋያማ መንገድ ግን ሄዶበት አያውቅም።»

አሁን ወደ ጨርቁ ልምጣ። ጋሼ እንድሪስ ኩሽኔታ ከቀየሩ በኋላ ከአሮጌ ሰማያዊ ቱታቸው ላይ ቀጭን ቁራጭ ይቀድዱና መሪው ላይ ያስሩታል። ትርጉሙ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። አዲስ ብረት ሲገባ የተቀመጠ ይመስላል እንጂ ገና አልተቀመጠም ይሉ ነበር። የሚያስቀምጠው መንገዱ ነው፤ ሲቀመጥ ደግሞ መላላቱ አይቀርም። ስለዚህ አንድ ጉዞ ሄደህ ትመለሳለህ። እሳቸው መኪናውን እንደገና ያነሱታል፣ ዳዶውን ይፈትሻሉ፣ ያጠብቃሉ፣ እንዳይዞር የሚይዘውን ስስ ቆርቆሮ ያጥፋሉ። ከዚያ ወደ ጋቢናው ገብተው ጨርቁን በገዛ እጃቸው ይፈቱታል። ከሳቸው ሌላ የሚፈታው ሰው አልነበረም። መሪህ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ያየ ሹፌር ሁሉ «ጋሼ ጋ ገና አልተመለስክም?» ይልህ ነበር።

መኪናዬ ከትልቋ ልጄ ከሀያት በዕድሜ የምትበልጥ አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። ከደሴ ቢስቲማ ሰውና ዕቃ እጭንባታለሁ። አንድ ሰሞን የፊት ግራ ጎማዋ ማጉረምረም ጀመረ። ጋሼ እንድሪስ የሁለቱንም ወገን ቀየሩልኝ፤ እኔም እንደ ደንቡ ያለቀውን አጠብኩ፤ ጨርቁ ታሰረ። በማግስቱ ቢስቲማ ሄጄ ተመለስኩ። ከዚያ ሐሙስ ቀን ሀያትን ኮምቦልቻ አክስቷ ቤት ላደርሳት ይዣት ወረድኩ። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች።

በመንገዴ ጋራዡ ደጃፍ ቆምኩ። ሁለት የጭነት መኪኖች ቀድመውኛል። ጋሼ እንድሪስ አንደኛው ሥር ተኝተዋል፤ የሚታየኝ እግራቸው ብቻ ነው። ጥቂት ጠበቅኩ። ከዚያ ወረድኩና የራሴን ጎማ ይዤ ነቀነቅኩት። ንቅንቅ አላለም። መኪናው በክሪክ ሳይነሳ ጎማ ቢነቀንቁት ምንም እንደማይናገር አውቃለሁ፤ መጽሐፉም ይላል። ግን የፈለግኩትን መልስ ስለሰጠኝ በቃኝ። ይህ የጨርቅ ነገር ደንበኛ ማመላለሻ ዘዴ ነው ብዬ አሰብኩ። ከሹፌር ሁሉ ያነበብኩ እኔ፣ እንደ ሌላው በጨርቅ ልታዘዝ?

ጋቢና ገብቼ ጨርቁን ፈታሁት።

ሀያት «አባ፣ እሱን ጋሼ እንድሪስ ናቸው እኮ የሚፈቱት» አለችኝ።

«እኔ ዓይን የለኝም?» አልኳት። ጨርቁን እጇ ላይ ጣልኩላት። ምን ታድርገው፤ ደብተሮቿን አሰረችበት። የመኪናዬን ሞተር ሳስነሳ የጋሼ እንድሪስ እግር ከጭነት መኪናው ሥር እንደተዘረጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ቢስቲማ ተመላለስኩ። በአራተኛው የሐይቅን ከተማ አልፈን ወደ ቢስቲማ ስንታጠፍ ያን ማጉረምረም ሰማሁት። ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት «ይመር፣ ይቺ መኪና ምን ትላለች?» አለችኝ። ድንጋዩ ነው አልኳት። ይቺ ሴት ዘይነባ ትባላለች፤ የቢስቲማ ሰው ናት፤ ለልጆቿ ጫማ ገዝታ እየተመለሰች ነበር። ቁልቁለቱ ላይ የግራው ጎማ ከነብረቱ ወጥቶ ከፊታችን ሲንከባለል አየሁት። መኪናዋ በጎኗ ቦዩ ውስጥ ተኛች። ሌሎቻችን በመቧጨርና በመውለቅ ተረፍን። የዘይነባን እግር በሩ ያዘው። ደሴ ሆስፒታል ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

መኪናዋን ከበው የቆሙት ሰዎች ይህን ጎማ ማን ሠራው አሉኝ። እንድሪስ ኩሽኔታ አልኩ። ይህ እውነት ነው። አንዱ ሹፌር መሪውን አየና «ተመልሰህ ነበር?» አለኝ።

«ተመልሻለሁ» አልኩ።

ይቺ ቃል ሳላስባት ወጣች። ሴትየዋ ገና እየጮኸች ነበር፤ ሰው ሁሉ እኔን እያየ ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ ይቺን ቃል መጠበቅ ሆነ። አባት የሆናችሁ፣ ልጆቻችሁን ስትቀጡ ይህን አስቡ፤ ውሸት ሁልጊዜ በእቅድ አይመጣም። አንዳንዱ ከአፍ ካመለጠ በኋላ ነው ሰውየውን ሎሌ የሚያደርገው።

በሳምንቱ ነገሩ በሽማግሌ እንዲታይ ደሴ መስጊድ ግቢ ተቀመጥን። ሦስት ሽማግሌዎች፣ በመሀላቸው ደግሞ ሁሉ የሚያከብራቸው አንድ ሀጂ ነበሩ። የዘይነባ ልጅ በእናቱ ፈንታ መጥቷል። ሹፌሮችም ብዙዎች ነበሩ። ጋሼ እንድሪስ የሥራ ልብሳቸውን ለውጠው፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በእጃቸው ይዘው መጡ። ምን እንደሆነ ገባኝ። ቢስቲማ ድረስ ሄደው ቦይ ውስጥ ከወደቀችው መኪና የተሰባበረውን ኩሽኔታ አውጥተው አምጥተውታል። በጣም ጠብቆ የተቃጠለ ኩሽኔታና ላልቶ የተቀጠቀጠ ኩሽኔታ መልካቸው አንድ አይደለም። እኔ ከመጽሐፉ አውቀዋለሁ፤ እሳቸው በእጃቸው ያውቁታል። ያን ጋዜጣ ገልጠው አንድ ሌላ መካኒክ ቢያስጠሩ፣ ጎማው ተመልሶ እንዳልጠበቀ ታውቆ ነገሩ ያበቃ ነበር።

ሀጂው እኔን ጠየቁኝ። ሐሙስ ቀን ኮምቦልቻ ወርጃለሁ አልኩ። ጋሼ እንድሪስ መኪናዬን አንስተው አጥብቀዋል አልኩ። ጨርቁንም በገዛ እጃቸው ፈትተውልኛል አልኩ። ይህን ሁሉ የተናገርኩት ሁለት ክንድ ያህል ርቀው ተቀምጠው ሳለ ነው። ወደ እኔ አላዩም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጎማ እንደሚያዳምጡት አዳመጡኝ።

ሀጂው እሳቸውንም ጠየቋቸው። አላስታውስም ወይም ዋሸ አላሉም፤ ያ ሐሙስ ሥራ በዝቶብኝ ነበር ብቻ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ሁለታችንም ቁርዓን ይዘን እንድንምል ወሰኑ። አንዱ ሰው ቁርዓኑን ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገባ። እውነቱን ልናገርና፣ እምል ነበር። እጄን ጭኜ፣ የአላህን ስም ጠርቼ እምል ነበር። ያን ዕለት ማን እንደሆንኩ አውቄያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሆንኩት ሁሉ ይህን አይሽረውም።

ጋሼ እንድሪስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሀጂ፣ ይተዉት» አሉ፤ «ይመርን አታስምሉት።»

«ለምን?»

«የልጆች አባት ነው። ነገሩ በእኔ ይሁን።»

ሀጂው ግራ ገባቸው፤ የጋሼ እንድሪስ የዕድሜ እኩያ ነበሩ። «እንድሪስ፣ መሐላ ፈራህ እንዴ?» አሏቸው።

«አዎ፣ ፈራሁ።»

የማንን መሐላ እንደፈሩ አልተናገሩም። ሰው ደግሞ የሰማውን ሰማ። በእኛ አገር ቁርዓን ሲቀርብለት ወደ ኋላ ያለ ሰው አምኗል ማለት ነው። ሹፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አለ፤ የዘይነባ ልጅ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የእሳቸው ስም የሞተው በዚያች ሰዓት ነው። ሰውየው ዐሥራ አንድ ዓመት ዘግይተው ተከተሉት።

ስንወጣ የግቢው በር ላይ ደረሱብኝ። በጋዜጣ የተጠቀለለውን እጄ ላይ አኖሩት።

«ይኸው ዕቃህ» አሉኝ።

ለዘይነባ ሕክምና የጋራዡን ዕቃ ሸጡ፤ ግቢውንም ለቀቁ። ቢከፍቱትም ማን ይመጣላቸዋል? መሐላ የፈራ መካኒክ የያዘው ጎማ ላይ ቤተሰቡን የሚጭን ሰው የለም። ደሴ ወጥተው ሆጤ፣ ሚስታቸው በወረሱት ቤት አጥር ሥር ንፋስ መሙያና የጎማ መለጠፊያ ይዘው ተቀመጡ። በጆሮው ብቻ የትኛው ኩሽኔታ በስንት ሳምንት እንደሚሞት የሚናገር ሰው የባጃጅ ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ ይፈልግ ጀመር። ቤቴ ከዚያ ሩቅ አይደለም። እኔ ወንዱ፣ በደጃፋቸው ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ለመድኩ።

አንድ ጠዋት ግን ጎማዬ እዚያው ፊት ለፊታቸው ተነፈሰ። መሸሻ አልነበረኝም። ወጥተው ለጠፉልኝ፤ እኔ እንደ ዕቃ ቆሜ አየሁ። ጎማውን መልሰው ሲያስሩ የልማድ ነገር ሆኖባቸው ላይና ታች ይዘው ነቀነቁት። ቆም አሉ። እንደገና ነቀነቁት።

«ይቺ ልትላላ ነው» አሉኝ፤ «ለሆነ መካኒክ አሳያት።»

ለሆነ መካኒክ። ሀያት እንዴት ናት ብለው ጠየቁኝ፤ ደህና ናት አልኳቸው፤ አብሽር፣ አይዞህ ብለው ወደ ባጃጆቻቸው ተመለሱ። ሰድበውኝ ቢሆን ቀለል ይለኝ ነበር።

ስለ ሀያት መናገር አለብኝ። እኔ ቤት ውስጥ ውሸት ያስገርፍ ነበር። ትንሽ ውሸት፣ የደብተር ውሸት፣ የወተት ውሸት። ከሽምግልናው በኋላ ወሬው ቤታችን ሲደርስ ሀያት ማታ እራት ላይ አልጠየቀችኝም፤ ጠዋት በሩ ላይ ብቻዬን ስሆን ጠበቀችኝ።

«አባ» አለችኝ፤ «ጨርቁን ጋሼ እንድሪስ ፈቱት ብለው እርስዎ ተናገሩ ይባላል።»

«ማን ጠየቀሽ?» አልኳት።

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ልጆቼን ሰብስቤ ስለ እውነት መምከር ስጀምር እሷ ተነስታ ትወጣለች። ዕቃ የምታነሳ ትመስላለች፣ በር የምትዘጋ ትመስላለች፤ ትወጣለች። ታናናሾቿ ምክንያቱን አያውቁም። አሁን ኮምቦልቻ አግብታ ትኖራለች። በዒድ ትደውላለች፤ ጤናዬን ጠይቃ ስልኩን ለእናቷ እንዳስተላልፍ ትነግረኛለች። በአንድ ውሸት ሁለት ሰው አጥቻለሁ፤ አንደኛውን አፈር በላው።

ወደ ቀብሩ ሄድኩ። አስከሬኑ ላይ ከተሰገደ በኋላ እንደ ልማዳችን ወንድማቸው ፊት ለፊት ቆመው ተናገሩ፤ ወንድሜ የሰው ሀቅ ካለበት፣ የበደለው ሰው ካለ፣ እዚህ ይናገር፤ ወይም አውፍ ይበለው፣ ይቅር ይበለው አሉ። ሰው ከዚህም ከዚያም «አውፍ ብለናል» አለ። ከዚያ ከመሀል አንድ ጎልማሳ ወደ ፊት ወጣ። ጢም አብቅሏል፤ ግን አወቅኩት። የዘይነባ ልጅ ነው።

«የእናቴን እግር አውፍ ብለናል» አለ። «እሷም ይህንኑ እንድናገር ልካኛለች። አላህም አውፍ ይበላቸው።»

ሰው ሁሉ በረዥሙ ተነፈሰ። ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወንድማቸው አለቀሱ። ያላጠፉት ጥፋት በሕዝብ ፊት ይቅር ተባለላቸው፤ ጥፋቱ እንደ መጨረሻ ማኅተም በስማቸው ላይ ተመታ። እኔ ዐሥር ርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ነበር። የሞተ ሰው የሌላ ሰው ሀቅ ካለበት ይጠየቃል፤ የሞተው ሰው ሀቅ ማን ላይ እንዳለ ግን የሚጠይቅ የለም። ቢጠየቅ እናገር ነበር ብዬ ራሴን ልደልል ሞከርኩ። አልናገርም ነበር። አፈሩ ተመለሰ፤ እኔም ሁለት እፍኝ ጨመርኩ።

ያቺን ምህረት ተሸክሜ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው ቀን ቢስቲማ ሄድኩ። ዘይነባ ከቤቷ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ነበር። ሁሉን ነገርኳት። ጨርቁን፣ ጎማውን ሳላነሳው መነቅነቄን፣ ማጉረምረሙን ሰምቼ ድንጋዩ ነው ማለቴን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። እያለቀስኩ ነበር፤ ለእንባዬም ቦታ አልሰጠችውም።

«በየረመዳኑ ይመጡ ነበር» አለችኝ። «ዱቄት ይዘው፣ ቴምር ይዘው። እዚያ ድንጋይ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ እኔ አይደለሁም አላሉኝም።»

«አውፍ በይኝ ዘይነባ።»

«አውፍ ያልኩት እሳቸውን ነው» አለች። «ካንተ ጋር ገና መጀመሬ ነው።»

ምርኩዟን አንስታ ቆመች። ወደ ቤት ልትገባ ስትል ዞረች።

«ለእኔ ለብቻዬ ነግረህ አትሂድ። ስማቸውን የወሰድከው ሰው ፊት ነው። ሰው ፊት መልስ።»

ሁለት ጁምዓ አለፈኝ። በሦስተኛው ከሶላት በኋላ፣ ያኔ በተቀመጥንበት መስጊድ ግቢ በር ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ስሜን ጠርቼ፣ የሆነውን ሁሉ ከጨርቁ እስከ ቁርዓኑ ተናገርኩ። ሀጂው ከሞቱ ቆይተዋል። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንደኛው መስማት ተስኗቸዋል፤ እጄን ይዘው መረቁኝ፤ ምን እንዳልኩ አልሰሙም። የገባቸው ጥቂት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። አንዱ የሞተን ሰው አታስቸግር አለኝ። የሚበዛው ጫማውን እየፈለገ ነበር።

እኔ ግን ሹፌሮቹ መስማት አለባቸው አልኩና ከዚያው ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። የኔ ዘመን ሰዎች አንድ ሁለት ቀርተዋል፤ የቀሩት ሁሉ ወጣቶች ናቸው። የሐይቅ ወረፋ የሚጠብቅ ልጅ ሚኒባሱን ተደግፎ ቆሞ አዳመጠኝ። ትሕትና ያለው ልጅ ነው፤ እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ጋሼ እንድሪስ ንጹሕ እንደነበሩ፣ የሠሩት ጎማ እንዳልወለቀ፣ ያወለቅኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ግንባሩን ቋጠረ፤ ሊያስታውሳቸው እየሞከረ ነበር።

«ሆጤ የነበሩት ጎሚስታ ናቸው?» አለኝ። «መካኒክ ነበሩ እንዴ?»

አዎ፣ መካኒክ ነበሩ አልኩት። ለሽማግሌ እንደሚደረገው ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ከዚያም ወደ መንገዱ ዞሮ «ሐይቅ፣ ሐይቅ» እያለ ተሳፋሪ መጥራት ጀመረ።